ውርጭ ሲያፈገፍግ፦ የአየር ንብረት ለውጥ የኢትዮጵያን የደጋ አራዊት የሚጎዳው በምን መንገድ ነው?

የዋልያ ቁጥር አሽቆለቆለ፣ ስሜን ላይ እሳት ተነሣ፣ ባሌ ውስጥ ቀይ ቀበሮዎች ሞተው ተገኙ የሚል ዜና በወጣ ቁጥር ክርክሩ ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን ጥፋቱን ሁሉ ለአየር ንብረት ለውጥ ያሸክማል። ሌላው ደግሞ «ይህ ምክንያት ፍለጋ ነው፤ አራዊቱን የጨረሳቸው እርሻ፣ ግጦሽና ጠመንጃ ነው» ይላል። ሁለቱም ወገኖች የሚጠቅሱት ማስረጃ አላቸው። ችግሩ ሁለቱን ምክንያቶች እንደ ተፎካካሪ ማቅረባቸው ላይ ነው። በደጋው ምድር ሙቀት እንስሳን በቀጥታ ሲገድል እምብዛም አይታይም፤ በአብዛኛው የሚሠራው የገብሱን ማሳ፣ ከብቱንና ውሻውን ሽቅብ በመግፋት ነው። ይህን ሰንሰለት ቀለበት በቀለበት ካላዩት የትኛው ቀለበት ሊቆረጥ እንደሚችል ማወቅ አይቻልም።

ከሁሉ አስቀድሞ ሁለት ቃላትን መለየት ያስፈልጋል። «የአየር ሁኔታ» የዛሬው ዝናብ፣ የዘንድሮው ድርቅ ነው። «የአየር ንብረት» የሚባለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሠላሳ ዓመት አማካይ ተይዞ የሚታወቀው የአንድ ቦታ ጠባይ ነው። አንድ የደረቀ በጋ ለውጥን አያረጋግጥም፤ አንድ የበረደ ክረምትም አያስተባብልም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ውርጭ የሚባለው አገር

የአገራችን ገበሬ መሬትን በከፍታና በቅዝቃዜ ሲከፍል በረሃ፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ እና ውርጭ ይላል። የመጨረሻው ስም የቦታም የክስተትም ነው፦ ሌሊት የሚወርደው አመዳይ የሚገዛው ምድር ማለት ነው። በግብርና መጻሕፍት ውርጭ ከ3,200 ሜትር ገደማ ይጀምራል። ሳይንቲስቶች ከዚህም ከፍ ብሎ ከዛፍ መብቀያ ወሰን በላይ ያለውን የአፍሪካ ተራሮች ክፍል «አፍሮ-አልፓይን» ይሉታል። በአፍሪካ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው መሬት ከአምስት እጅ አራት እጅ ያህሉ የሚገኘው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። በባሌው የሳነቴ አምባ በበጋ ሌሊት ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች እስከ 15 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል፤ ቀን ላይ ግን ፀሐዩ ያቃጥላል።

በዚህ ምድር ላይ የሚኖሩት እንስሳት ለቅዝቃዜው የተሠሩ ናቸው። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ያለው በኢትዮጵያ ብቻ ሲሆን፣ ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 አይበልጡም ተብሎ ይገመታል። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ተራሮች ይገኛሉ። የቀሩት በአርሲ፣ በስሜን፣ በሰሜንና በደቡብ ወሎ እንዲሁም በመንዝ ጓሳ ተበታትነው ይኖራሉ። ምግባቸው ከሞላ ጎደል አይጥና ፍልፈል ነው። በባሌ ዋነኛው ታዳኝ ሌላ ቦታ የማይገኘው ግዙፉ ፍልፈል ሲሆን ክብደቱ ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። ይህ ፍልፈል ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል ጉድጓዱ ውስጥ ቆይቶ ሣር ለመሰብሰብ ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ብቅ ይላል። ቀይ ቀበሮ ከብዙዎቹ የውሻ ዘመዶች በተለየ ቀን ቀን የሚያድነውም በዚሁ ምክንያት ነው። (ፍልፈሉን ያወቀው ቀበሮ ብቻ አይደለም። በባሌ ፊንጫ ሀበራ በተባለ ዋሻ የተገኘ ቁፋሮ እንደሚያሳየው፣ ከ31 ሺህ እስከ 47 ሺህ ዓመት በፊት እዚያ የሰፈሩ ሰዎች ይህንኑ ፍልፈል ጠብሰው ይበሉ ነበር።)

በዚያ ዘመን ዓለም ቀዝቃዛ ነበረች፤ በባሌ ተራራ አናትም በረዶ ተጋግሮ ነበር። የውርጭ ምድር ዛሬ ካለበት በጣም ዝቅ ብሎ ይጀምር ስለነበር ተራሮቹ በሰፊው የተገናኙ ነበሩ። የበረዶው ዘመን ሲያልፍ ቅዝቃዜ ወዳዱ ሕይወት ሁሉ ወደ ላይ ሸሸና እያንዳንዱ ተራራ ደሴት ሆነ። የዛሬው ሙቀት የሚያርፈው እንግዲህ አስቀድሞ በጠበበና በተቆራረጠ ምድር ላይ ነው።

አንድ ዲግሪ ስንት ሜትር ነው?

ተራራ ሲወጣ በየመቶ ሜትሩ አየሩ በአማካይ 0.6 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። በተገላቢጦሽ፣ ዓለም በአንድ ዲግሪ ስትሞቅ አንድ ዓይነት ቅዝቃዜ የሚገኝበት መስመር ከ160 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል ማለት ነው። የኢትዮጵያ ዓመታዊ አማካይ ሙቀት ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ በ1.3 ዲግሪ ጨምሯል። በስሌት ብቻ ቢታይ መስመሩ ከሃምሳ ዓመት ባነሰ ጊዜ ከ200 ሜትር በላይ ተነሥቷል።

ሁለት መቶ ሜትር ከሩቅ ሲሰማ ትንሽ ይመስላል። ተራራ ግን ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄድ ነገር ነው። መሠረቱ 3,500 ሜትር፣ አናቱ 4,300 ሜትር ላይ የሆነ ሾጣጣ ተራራ ቢወሰድ፣ የኑሮው ወሰን በ160 ሜትር ከፍ ሲል ከስፋቱ 36 በመቶው ይጠፋል። በ320 ሜትር ከፍ ሲል፣ ማለትም በሁለት ዲግሪ ጭማሪ፣ የሚጠፋው 64 በመቶ ይሆናል። ቁመቱ በአምስተኛ ሲቀንስ ስፋቱ ከሲሶ በላይ ይቀንሳል። ይህ የምሳሌ ስሌት ነው፤ እውነተኛ ተራራ ሾጣጣ ብቻ አይደለም። የወሎ ሸንተረሮች ለምሳሌው ይቀርባሉ። ባሌ ግን አናቱ ጠረጴዛ ነው፦ የሳነቴ አምባ አብዛኛው ክፍል በ4,000 ሜትር አካባቢ የተዘረጋ ሜዳ ሲሆን ከሁሉ ከፍ የሚለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ወሰኑ ጥጋ ጥጉን እየወጣ ሳለ የሚጠፋው መሬት ጥቂት ስለሆነ ለረጅም ጊዜ አደጋ ያለ አይመስልም። መስመሩ ከጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ሲደርስ ግን በጥቂት አሥርት ሜትሮች ልዩነት ሰፊ ሜዳ በአንድ ጊዜ ይያዛል። በባሌ የሚታየው አንጻራዊ መረጋጋት ብዙዎችን የሚያዘናጋው በዚህ ምክንያት ይመስለናል።

ከሙቀቱ ቀድሞ የሚደርሰው ገብስ

ቀይ ቀበሮ ሁለት ዲግሪ ሙቀት በቀጥታ አይገድለውም። ታዲያ ሙቀቱ የሚደርሰው በምን በኩል ነው?

በውርጭ ምድር የእርሻ ጠባቂ ሆኖ የኖረው አመዳዩ ነው። ገብስ ዘለላ ሲያወጣና ሲያሸት ውርጭ ከመታው ፍሬው መክኖ ገለባ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ገበሬው ከአንድ ከፍታ በላይ ዘርን በከንቱ አይበትንም ነበር። አሁን የሚለወጠው ይህ ነው። ከ1960 እስከ 2003 በተደረገ ምዝገባ በኢትዮጵያ «ሞቃታማ» የሚባሉት ቀኖች በዓመት በ73 ሲጨምሩ፣ ሞቃታማ ሌሊቶች በ137 ጨምረዋል። («ሞቃታማ» የተባለው ቀድሞ ከአሥር ቀን ወይም ሌሊት በአንዱ ብቻ ይታይ የነበረው መጠን ነው።) የሌሊቱ መሞቅ ከቀኑ መብለጡ ለገብስ አራሽ መልካም ዜና ነው፤ ለቀበሮው ግን አጥሩ ፈረሰ ማለት ነው።

በእርግጥ ሞፈሩን ሽቅብ የገፋው ሙቀት ብቻ አይደለም። የሕዝብ ቁጥር መጨመር፣ የታችኛው ማሳ መከላትና መሸራረፍ፣ እንዲሁም ብርድ የሚችለው ድንች መስፋፋቱ ሁሉም ገፍተዋል። በአገሪቱ ከ3,200 ሜትር በላይ ካለው መሬት 60 በመቶ ያህሉ ቀድሞውኑ ወደ እርሻ ተለውጧል። እርሻው እንደ ቦታው ከ3,500 እስከ 3,800 ሜትር ድረስ ደርሷል። በጎጃም ጮቄ ተራራና በሰሜን ሸዋ ጎሽ ሜዳ ቀይ ቀበሮ ጠፍቷል፤ በወሎ ደላንታ የነበሩትም አልቀዋል። የእነዚህን መጥፋት ለሙቀት ብቻ መስጠት አይቻልም። ትክክለኛው አነጋገር ይህ ይመስለናል፦ ሰው መሬት ፈልጎ ወደ ላይ ይገፋል፤ ሙቀቱ ደግሞ በሩን ይከፍትለታል። መሬት የሚፈልግ ሰው ባይኖር የተከፈተው በር ብቻውን ጉዳት አያመጣም ነበር። በሩ ተዘግቶ ቢቆይ ደግሞ መሬት ፈላጊው ውርጩ ላይ ይቆም ነበር።

ማሳ ወደ ላይ ሲሄድ ግጦሹም አብሮ ይሄዳል። ቀድሞ ከብት የሚሰማራበት ሲታረስ ከብቱ ወደ ጓሳው ሣር ይገፋል። ሣሩ ሲነጭና አፈሩ በኮቴ ሲጠቀጠቅ አይጦች መሸሸጊያም መኖም ያጣሉ። ፍልፈሉም ለመቆፈር ጥልቅና ርጥብ አፈር ይፈልጋል። በባሌ የቆየው «ጎዳንቱ» የተባለ የከብት ዝውውር፣ በዝናብ ወቅት ወደ አምባው በበጋ ደግሞ ወደ ሐረና ጫካ የሚደረግ ፈረቃ፣ ለሣሩ ማገገሚያ ጊዜ ይሰጠው ነበር። የዝናቡ ጊዜ ሲዛባና ሰፋሪው ሲበዛ ፈረቃው ወደ ቋሚ ሰፈራ ይለወጣል፤ የማገገሚያው ጊዜም ያጥራል።

ከከብቱ ጋር ውሻው ይመጣል። የቀይ ቀበሮ ፈጣኑ ገዳይ ደግሞ ከውሻ የሚጋባው በሽታ ነው። በባሌ የእብድ ውሻ በሽታ በ1991-92፣ በ2003-04፣ በ2008-09 እና በ2014-15 ተነሥቷል። በገባበት መንጋ ከአራት ቀበሮ ሦስቱን እስከ መግደል ደርሷል። ዲስቴምፐር የተባለው ሌላው የውሾች የቫይረስ በሽታም በ2005-06፣ በ2010 እና በ2015 ተከስቷል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ የእብድ ውሻ በሽታ በሙቀት አይፈጠርም፤ «ሙቀቱ በሽታውን አመጣው» ማለት ስሕተት ነው። ሊባል የሚችለው፣ ማሳና በረት ወደ ላይ በተጠጋ መጠን ውሻና ቀበሮ የሚገናኙበት ድንበር ይረዝማል የሚለው ነው። ቀበሮው የቀረው መሬት ባነሰ ቁጥር ደግሞ አንድ ወረርሽኝ የሚወስደው ድርሻ ይበልጣል። በባሌ ከወረርሽኝ በኋላ ቁጥሩ ያገገመው የጎረቤት መንጋ ስለነበረ ነው። በሰሜን ግን ብዙዎቹ ስብስቦች ከሃምሳ የማይበልጡ ናቸው፤ የሚያገግሙበት ጎረቤትም የላቸውም።

ጅብራ፣ አስታ እና እሳት

እንስሳት ቢያንስ ይራመዳሉ። ጅብራ አይራመድም። የስሜንና የባሌ ጎብኚ ሁሉ ፎቶ የሚያነሳው ይህ ተክል ለዓመታት በዝግታ አድጎ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ ዘሩን በትኖ ይሞታል። እንዲህ ያለ ኑሮ በዝግታ ለሚለወጥ ዓለም የሚመች ነው። በ2016 የታተመ ጥናት የጅብራን የወደፊት ሥርጭት በሞዴል (የአንድ ፍጡር የኑሮ ሁኔታና የሚጠበቀው አየር ንብረት በሒሳብ ተገናኝተው የሚሰላበት ዘዴ ነው) ተንብዮ ነበር። በውጤቱ መሠረት በ2080 ዛሬ ከሚመቸው ቦታ የሚቀረው 3.4 በመቶ ብቻ ነው። ሞዴል ትንበያ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ ተክሉ በዐለት ጥላና በሸለቆ ቀዝቃዛ ኪሶች ሊቆይ የሚችልበትን ዕድል ሙሉ በሙሉ አያይም። ያም ሆኖ ቁጥሩ እንዲህ ዝቅ ያለበት ምክንያት ቀላል ነው፦ ከአናቱ በላይ ተራራ የለም።

አስታ የተባለው የደጋ ዛፍ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። በሙቀት ሕግ ብቻ ቢሄድ የአስታ ጫካ የዛፉን ወሰን ይዞ ወደ ላይ መውጣት ነበረበት። ጥበቃ በተሻለባቸው የስሜን ክፍሎች በእርግጥ ወጥቷል። በላስታ አቡነ ዮሴፍ ግን ማገዶ ለቀማና ግጦሽ ወደ ላይ እንዳይወጣ ይዘውታል። እነዚህ ሁለት ተራሮች ጎን ለጎን ሲታዩ የአየር ንብረት ምልክት በሰው እጅ እንዴት ሊሸፈን እንደሚችል ያሳያሉ። «የዛፉ ወሰን አልተነቃነቀም፤ ስለዚህ ሙቀት የለም» የሚለው ክርክር የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ብዙ ጊዜ የማይነሣው ጉዳይ ደግሞ አለ። አስታ ሲወጣ የሚይዘው የአይጦቹን ክፍት ሜዳ ነው። ጥቅጥቅ ያለ አስታ ለደጋ አጋዘን መሸሸጊያ ይሆናል፤ ለቀይ ቀበሮ ግን ባዶ ጎተራ ነው። ስለዚህ «ጫካው ይመለስ» የሚለው መፈክር በውርጩ ምድር ላይ ሁልጊዜ ትክክል አይሆንም። ዛፍ ተከላ ወደ አምባው አናት እንዲወጣ የሚደረግ ማንኛውም ዘመቻ ይህን ሊያስብበት ይገባል።

አስታ ዘይትነት ያለው ቅጠል ስላለው ደረቅ በሆነ በጋ በቀላሉ ይቀጣጠላል። በባሌ እረኞች አዲስ ሣር እንዲበቅል አስታውን ማቃጠላቸው የቆየ ልማድ ነው፤ ቁጥቋጦውም ከግንዱ ሥር እንደገና ያቆጠቁጣል። ችግር የሚመጣው በሁለት እሳቶች መካከል ያለው ጊዜ ሲያጥርና በጋው ሲረዝም ነው። በ2019 ስሜን ላይ የተነሣውን እሳት ለማጥፋት ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች እስከ መምጣት ተደርሷል። በገደልና በሸንተረር የተቆራረጠ ቦታ ላይ ቦቴ አይደርስም፤ ሥራው በአካፋ፣ በቅጠልና በሰው ጉልበት ስለሚሠራ እሳቱ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ካልተያዘ ብዙም አይገታም።

ሙቀት በቀጥታ የሚነካው ወፍ

እስካሁን የተባለው ሙቀት በሰው በኩል እንደሚሠራ ያሳያል። በቀጥታ የሚሠራበትን ጉዳይ ለማየት ወደ ደቡብ፣ ወደ ቦረና መውረድ ያስፈልጋል። በያቤሎ፣ በሜጋና በአሬሮ መካከል ባለ 6,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ቦታ ብቻ የሚኖር ግራጫ የቁራ ዘመድ ወፍ አለ፤ በዓይኑ ዙሪያ ሰማያዊ ቆዳ አለው። በ1938 በሳይንስ ከተመዘገበ ጀምሮ ባለሙያዎችን ግራ ሲያጋባ ኖሯል። ተመሳሳይ ግራርና ተመሳሳይ ሣር ከወሰኑ ውጭም አለ፤ ወፉ ግን አያልፍም።

መልሱ በ2012 የቀረበው የሙቀት ካርታ ላይ ነበር፦ ወፉ የሚኖርበት ቦታ ከዙሪያው ይልቅ ቀዝቀዝ ያለ ነው። ከዚያ በኋላ የተደረገ የሜዳ ምልከታ ደግሞ ምክንያቱን ከወፉ ጠባይ አገኘው። ቀኑ ሲሞቅ አፉን ከፍቶ ማለክለክና ወደ ጥላ መሸሽ ይጀምራል። በዚያ ሰዓት የሚለቅመው ነፍሳት ይቀንሳል። አብረውት የሚኖሩ ሌሎች ወፎች ግን ያንኑ ሙቀት ችለው መመገባቸውን ይቀጥላሉ። ጫጩት በሚመግብበት ወቅት በየቀኑ የሚጠፉት ሰዓታት ተደምረው ወፉ ከዚያ ውጭ ሊራባ የማይችልበት ወሰን ይሆናሉ። አጥሩ የማይታይ ቢሆንም እውነተኛ አጥር ነው።

እዚያው አካባቢ የምትኖረው ጅራተ ነጭ ወንጭፊት ደግሞ በቦረና ጎጆ ቤቶች ጣሪያ ሥር ጎጆዋን ትሠራለች። የቤቱ ውስጥ ሙቀት ሲጨምር ለመብረር የሚደርሱት ጫጩቶች ይቀንሳሉ። የአየር ንብረት ትንበያዎች ለሁለቱም ወፎች የሚመቸው ቦታ እስከ 2070 አብዛኛው እንደሚጠፋ ያመለክታሉ። ተራራ ላይ ያለ እንስሳ ጥቂት ቢሆንም መውጫ አለው። እነዚህ ወፎች ያሉበት አምባ ግን ከዚያ በላይ ከፍታ የለውም። ቀዝቃዛው የባሌ ደጋም በመካከሉ ባለው ቆላ ተለያይቷል።

በአየር ንብረት ስም መጻፍ የሌለባቸው ጉዳቶች

ማስረጃ በሌለበት ሁሉንም ጉዳት ለአየር ንብረት መስጠት ሁለት ጉዳት አለው፦ ተጠያቂውን ነፃ ያወጣል፤ መፍትሔውንም ያርቃል።

ዋልያ ጥሩ ምሳሌ ነው። በአደንና በመኖሪያ መጥበብ እጅግ ቀንሶ የነበረው ቁጥሩ ከ1990ዎቹ ጀምሮ በጥበቃ አገግሞ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ግን በፍጥነት ወደ ጥቂት መቶዎች ወርዷል። አየር ንብረት እንዲህ ባሉ ጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲህ ያለ ቁልቁለት አይፈጥርም። ግጭት ጥበቃውን ሲያላላው፣ ስካውቶች (የፓርክ ጠባቂዎች) ቦታቸው ላይ መገኘት ሲያቅታቸውና ጠመንጃ ሲበዛ ምን እንደሚሆን በሌሎች አገሮች ፓርኮችም ታይቷል። የአቢጃታ ሐይቅ መሸሽም እንዲሁ ነው፤ ለሶዳ አሽ ምርት የሚወጣው ውሃና ወደ ሐይቁ የሚገቡት ወንዞች ለመስኖ መጠለፋቸው ዋናዎቹ ምክንያቶች ናቸው።

በሌላ በኩል የ2020-22 የምሥራቅ አፍሪካ ድርቅ አለ። የኬንያ መንግሥት ባወጣው ቆጠራ ከየካቲት እስከ ጥቅምት 2022 ባሉት ዘጠኝ ወራት 205 ዝሆኖች፣ 512 የዱር በሬ የሚመስሉ የሜዳ እንስሳት (ዊልዴቢስት) እና 49 የግሬቪ የሜዳ አህዮች ሞተዋል። የግሬቪ የሜዳ አህያ ዛሬ የሚገኘው በኬንያና በኢትዮጵያ ብቻ ስለሆነ 49 ቀላል ቁጥር አይደለም። በድርቅ ጊዜ ብዙውን የሚገድለው የመኖ እጦት ነው። የተዳከመች እናት ወተት ስለሚነጥፍባት ደግሞ ግልገሎች ቀድመው ያልቃሉ።

ስለ ዝናብ ግን አንድ ያልተፈታ ጥያቄ አለ። ብዙዎቹ ሞዴሎች ምሥራቅ አፍሪካ ወደፊት የበለጠ ዝናብ እንደምታገኝ ይተነብያሉ፤ በተግባር የታየው ግን ከ1980ዎቹ ወዲህ የመጋቢት-ግንቦት ዝናብ መቀነስ ነው። በሙቀቱ አቅጣጫ ላይ ሞዴሎቹ ይስማማሉ፤ በዝናቡ ላይ ገና አልተስማሙም። ስለዚህ «ደጋው ሊለመልም ነው» የሚለውም «ደጋው ሊደርቅ ነው» የሚለውም ከማስረጃው ቀድመው የሄዱ ናቸው።

በእጅ ያለው ሥራ

የዓለምን ሙቀት ከመንዝ ወይም ከጎባ ሆኖ ማቆም አይቻልም። የሰንሰለቱን የታችኛውን ቀለበት ግን እዚያው ሆኖ መቁረጥ ይቻላል።

መጀመሪያ ውሾች አሉ። የእብድ ውሻ በሽታ በውሾች መካከል እንዳይዛመት ከመቶ ውሾች ቢያንስ ሰባ መከተብ አለባቸው። ይህ በአንድ ጊዜ ዘመቻ አያልቅም። የገጠር ውሻ ዕድሜ አጭር ስለሆነ በሚቀጥለው ዓመት መንደሩ ባልተከተቡ ቡችሎች ይሞላል፤ ዘመቻው አንድ ዓመት ከተዘለለ ሽፋኑ ከሚፈለገው በታች ይወርዳል። ለቀበሮዎቹ ራሳቸው የሚያስፈልገው ያነሰ ነው፦ መንጋዎችን በሚያገናኙ ኮሪደሮች (መተላለፊያ ሸለቆዎች) ላይ ከ20 እስከ 40 በመቶ የሚሆኑት ቢከተቡ ወረርሽኙ ሁሉንም ከመጨረስ ሊገታ እንደሚችል በ2006 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ከ2018 ጀምሮ በባሌ በአፍ የሚሰጥ ክትባት ሥራ ላይ ውሏል። በሙከራው የተሻለ ሆኖ የተገኘው ክትባቱን በፍየል ሥጋ ውስጥ አድርጎ በሌሊት ማስቀመጥ ነው። ቀበሮን በወጥመድ ይዞ ከመውጋት ይህ ያነሰ ጭንቀት አለው።

ሁለተኛው ግጦሽና ሣር ነው። በመንዝ ጓሳ «ቀሮ» በተባለው ሥርዓት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ መሬቱ ለዓመታት ይዘጋ ነበር። ሣሩ ሲደርስ ለቤት ክዳንና ለገመድ እንዲታጨድ ይከፈታል፤ ከዚያ ለግጦሽ ይፈቀድና እንደገና ይዘጋል። በ1975 የገጠር መሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ቢፈርስም ቆይቶ በማኅበረሰብ ኮሚቴ መልክ ተመልሷል። ዛሬ ጓሳ ላይ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ተቀላቅለው የሚታዩት ሣሩ ስለቆመ ነው። በ2015 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል ሲያድን ከሦስት ሙከራ ሁለቱ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን ግን ከአራት አንዱ ብቻ። በቀሮ ታሪክ ላይ የሚነሣ ትችትም አለ፦ የቀድሞው ሥርዓት ርስት የሌለውን ያገልል ነበር። የዛሬው ኮሚቴ ማንን ይጨምራል፣ የሣሩን ጥቅም እንዴት ያካፍላል የሚለው ለዘላቂነቱ ከማንኛውም አጥር በላይ ወሳኝ ነው።

ሦስተኛው ሰፈራ ነው፤ ከባዱም እርሱ ነው። በ2016 ከስሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ተደረገ። በቀጣዩ ዓመት ፓርኩ ከ1996 ጀምሮ ከነበረበት የአደጋ ውስጥ ቅርሶች መዝገብ ወጣ። ለሣሩ እርምጃው ጠቅሟል። ለተነሺው ግን በሬና በግ ለለመደ ቤተሰብ በከተማ ዳር ያለ ቤትና የካሣ ገንዘብ በቂ መተዳደሪያ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ይቀራል። በ2023 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የባሌ ተራሮች ፓርክም በወሰኑ ውስጥ ሰፋሪዎች ስላሉበት ያው ጥያቄ ደጁ ላይ ነው። ተነሺው አዲስ ኑሮ ሳይዝ የሚደረግ ማንሣት ብዙ ጊዜ በሌላ ሸንተረር ላይ አዲስ ማሳ ሆኖ ይመለሳል።

አራተኛውና ገና ክርክር ላይ ያለው፣ ቀይ ቀበሮን ወደ ጠፋበት ተራራ ወስዶ መልቀቅ ነው። ደጋፊዎቹ የሰሜኑ ትንንሽ ስብስቦች በራሳቸው መንጋ ለመንጋ መገናኘት ስለማይችሉ ሰው ካላገናኛቸው በዘር መቀራረብ ይዳከማሉ ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ አንድ ጥንድ ከተወሰደበት መንጋ የሚጎድለው በሚሄድበት ቦታ ከሚያተርፈው ሊበልጥ ይችላል ብለው ይሰጋሉ። የሁለቱም ሐሳብ የሚፈተነው በአንድ ቅደም ተከተል ነው፦ ተቀባዩ ተራራ ላይ በእያንዳንዱ ሄክታር ስንት የአይጥ ጉድጓድ አለ፣ በዙሪያው ካሉት ውሾች ስንቱ ተከትበዋል፣ ከሁሉ ከፍ ያለው የገብስ ማሳ ስንት ሜትር ላይ ነው፣ ካለፉት አሥር ዓመታት ወዲህስ ስንት ሜትር ወጥቷል? የመጨረሻው ቁጥር በየዓመቱ ከአዝመራ በፊት በአንድ ስልክና በአንድ ቀን የእግር ጉዞ ሊመዘገብ ይችላል። በየወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ያሉ የልማት ሠራተኞች ማሳዎቹን በስም ያውቋቸዋል።